ዘላቂ ልማት አስተምር ተባልኩ፣ ግን ዩኒቨርሲቲ ከስላይድ ያለፈ ምን ያደርጋል?

ጠመኔ_በእጁ

ሰላም ሰዎች እንዴት ናችሁ፣ ትንሽ ረዘም ይላል ይቅርታ አድርጉልኝ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ውስጥ ሌክቸረር ነኝ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ሁሉም ዲፓርትመንት የዘላቂ ልማት ኮርስ ይኑረው የሚል ነገር ከላይ መጥቷል ተባለና፣ ያው እንደምታውቁት ስብሰባ ውስጥ አዲስ ልጅ ካለ ማንም የማይፈልገው ሥራ የሱ ነው፣ እኔ ላይ ወደቀ። 2 ክሬዲት ነው፣ የሚቀጥለው ሴሚስተር ይጀመራል፣ ሲላበሱን በሦስት ሳምንት አስገባ ተባልኩ።

ቤት ገብቼ የሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን ስላይድ ማውረድ ጀመርኩ። አስራ ምናምን አየሁ፣ ሁሉንም አንድ ሰው የሰራቸው ነው የሚመስሉት። መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1987 የብሩንትላንድ ኮሚሽን ለዘላቂ ልማት የሰጠው ትርጉም፣ ቀጥሎ የተጠላለፉ ሦስት ክቦች ኢኮኖሚ ማህበረሰብ አካባቢ፣ ቀጥሎ በ2015 የወጡት የተባበሩት መንግስታት 17 የዘላቂ ልማት ግቦች በባለ ቀለም ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ መዳፍ ላይ ያለች ችግኝ። እኔም ተማሪ ሆኜ በዚሁ አልፌያለሁ፣ ኤ አግኝቼበታለሁ፣ አሁን ምን ታስታውሳለህ ብትሉኝ ችግኟን ብቻ ነው።

የባሰው ደግሞ የማስተምርበት ህንፃ ኮሪደር መብራት ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ማታ አምሽቼ ስወጣ ማንም የሌለበት ክፍል ውስጥ ኤሲው ብቻውን ይንጫጫል። እዛ ውስጥ ቆሜ ስለ ኢነርጂ ቁጠባ ሳወራ ተማሪዎቹ ጣራውን እያዩ አይስቁብኝም?

እና የምጠይቃችሁ፣ ይሄ ነገር ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን ወይስ ያሉት ኮርሶች ውስጥ ይበተን? ሪሰርቹስ እውነት የሆነ ነገር ቀይሮ ያውቃል ወይስ ለፔፐር ብቻ ነው? ከነጭራሹስ ይሄ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው ወይ፣ የመንግስትና የካምፓኒ ሥራ አይደለም? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ቲዎሪ አትላኩልኝ እሱ ሞልቶኛል።

ሦስት_ነጥብ

ወንድሜ እኔ ልንገርህ፣ ስላይዱን ውሰድ፣ ስምህን ቀይርበት፣ አስተምር፣ ጊዜህን ለራስህ ሪሰርች አውለው። ክፉ ሆኜ አይደለም፣ ታሪኩን ስለማውቀው ነው። በ1990 ፈረንሳይ ውስጥ ታሎይር የምትባል ቦታ 22 የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶችና ኃላፊዎች ተሰብስበው ባለ 10 ነጥብ ዲክላሬሽን ፈረሙ፣ በማስተማር በምርምር በካምፓስ አሰራር በማህበረሰብ አገልግሎት ምሳሌ እንሆናለን ብለው። ከዛ በኋላ ከ500 በላይ ተቋማት ፈርመውበታል። አስሩን ነጥብ ፈልገህ አንብብና ዲንህ የላከልህ ኢሜይል ጎን አስቀምጠው፣ ልዩነቱን ካገኘህ ንገረኝ። ከ30 ዓመት በላይ እኮ ነው።

አሁን ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎችን በዘላቂነት የሚያወዳድር ራንኪንግ መጣ። ግሪንሜትሪክ የሚባለው ከኢንዶኔዥያ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ተጀመረ፣ የታይምስ ኢምፓክት ራንኪንግ በ2019። መረጃውን በብዛት የሚሞላው ማነው? ራሱ ዩኒቨርሲቲው። ፈተና ራሱ አውጥቶ ራሱ አርሞ ራሱ አንደኛ ወጣሁ የሚል ተማሪ ብታገኝ ምን ትለዋለህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ፍሪዘር_ጠባቂ

ሦስት_ነጥብ ግማሹን ልክ ነህ ግን መደምደሚያህ ሰነፍ ነው ይቅርታ 😄

እኔ ላብ ቴክኒሻን ነኝ፣ አስተማሪ አይደለሁም፣ ግን ከጠመኔ ጋር የምስማማው ኤሲው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ኮርሱ እዛ ነው ያለው፣ ጣራው ላይ። ተማሪ ስለ ዓለም ሙቀት 60 ስላይድ ከሚያይ የተቀመጠበት ህንፃ በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚበላ ቢያውቅ ይሻለዋል፣ ይህን ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ጠይቁ እስቲ። እኔ ጠይቄያለሁ። የሂሳብ ክፍሉ ለምን ፈለግሽው አለኝ፣ ደብዳቤ አምጪ አለኝ፣ ደብዳቤ ሳመጣ ደግሞ ቢሉ የሚመጣው ለመላው ካምፓስ በአንድ ላይ ነው አለኝ። ለምን አንድ ላይ? ምክንያቱም ብዙዎቹ ህንፃዎች የራሳቸው ቆጣሪ የላቸውም። ያልተለካ ነገር ውስጥ ተቀምጠን ስለ መቆጠብ እንማራለን ማለት ነው።

ላብ ደግሞ የባሰ ነው። ከዜሮ በታች 80 ላይ የሚሰራው ትልቁ ፍሪዘር አንዱ ብቻውን የአንድ መኖሪያ ቤት ያህል ኤሌክትሪክ ሊበላ ይችላል። ውስጡን ስትከፍቱት ግማሹ ተመርቆ የሄደ ተማሪ ሳምፕል ነው፣ ስሙ የጠፋ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ግን ማንም ለመጣል አይደፍርም። ለብዙ ሳምፕል 80ውን ወደ 70 ማድረግ ብቻ ፍጆታውን ወደ 30 በመቶ ሊቀንሰው ይችላል። ፊውም ሁድ ደግሞ አለ፣ የኬሚካል ጭስ የሚስብ ባለ መስታወት ሳጥን፣ አየር 24 ሰዓት እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋል፣ ያ አየር በገንዘብ የቀዘቀዘ ወይ የሞቀ አየር ነው፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ መሄድ ብቻ ብዙ ያድናል። መስታወቱ ላይ "ዝጋኝ" ብዬ ለጠፍኩ። ለሁለት ሳምንት ሰራ። ከዛ ወረቀቱ የግድግዳው አካል ሆነ፣ ማንም አያየውም።

እና ያኔ ነው የገባኝ፣ ችግሩ ሰው ስለማያውቅ አይደለም፣ ቢሉን የሚከፍለውና መስታወቱን ክፍት ትቶ የሚሄደው ሰው አይተዋወቁም። የል ዩኒቨርሲቲ ይህንን ነው ለመፍታት የሞከረው፣ ከ2017 ጀምሮ ህንፃዎቹን ለሚለቁት ካርቦን በቶን 40 ዶላር በውስጥ ሂሳብ ማስከፈል ጀመሩ፣ በደንብ የቀነሰ ክፍል ይመለስለታል፣ ያልቀነሰ ይከፍላል። መጀመሪያ በጥቂት ህንፃዎች ሞክረው ነው ያሰፉት፣ ሙከራው ራሱ ሪሰርች ሆነ፣ ኢኮኖሚክሶችም ተሳተፉበት። ጠመኔ የካርቦን ዋጋን በቀመር ከማስተማር ተማሪዎችህ የእናንተን ህንፃ በዚህ መንገድ ቢያስቡት አይሻልም?

ጠመኔ_በእጁ

ፍሪዘር_ጠባቂ እህቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ "መስታወቱን ክፍት ትቶ የሚሄደው" ያልሽው ላይ ራሴን አየሁት። ቆጣሪ ግን የእኛ ህንፃ ያለው ይመስለኛል ምድር ቤት አንድ ሳጥን አይቻለሁ። የሪሰርቹን ጥያቄ ግን ማንም አልነካልኝም።

ጡረተኛው

ልጄ ጠመኔ፣ እኔ ልንካልህ። 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ቤቴ ተቀምጬ ነው የማነበው፣ ስለዚህ የማንንም ፈንድ አልፈልግም፣ የምለውን በዛ መዝነው።

ሪሰርች የሆነ ነገር ቀይሮ ያውቃል ወይ ላልከው፣ ስለ አየር ንብረት የምናወራው ሁሉ የቆመው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ግትርነት ላይ ነው ብልህ ብዙ አላጋነንኩም። ቻርልስ ኪሊንግ ይባላል፣ ካሊፎርኒያ ስክሪፕስ የሚባል የውቅያኖስ ምርምር ተቋም ውስጥ የነበረ። በ1958 ሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለካት ጀመረ፣ ያኔ 315 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 315) አካባቢ ነበር። በየቀኑ መለካት፣ በቃ፣ ይሄው ነው ሥራው። ገንዘብ ሰጪዎቹ ደጋግመው ይሄ መደበኛ ልኬት ነው እንጂ ምርምር አይደለም ብለውታል፣ በ1964 በጀት ተቆርጦ ልኬቱ ለጥቂት ወራት ተቋርጧል፣ ግራፉን በደንብ ካየኸው ክፍተቷ ዛሬም አለች። እሱ ግን አልተወውም። በ2005 እስኪሞት ለካ፣ ከዛ ልጁ ቀጠለ፣ ዛሬ ከ420 በላይ ነው። አንድ ካምፓኒ ይህን ያደርጋል? የአምስት ዓመት እቅድ ያለው መንግስትስ? ዩኒቨርሲቲ ነው አንድ አሰልቺ ነገር ለ60 ዓመት መለካት የሚችል ቤት፣ እሱም ከፈቀደ ነው።

ሌላ ልንገርህ ይሄን ስናገር ሁሌ ደስ ይለኛል። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሃል ሞሮው ፕሎትስ የሚባል ትንሽ የበቆሎ ማሳ አለ፣ ከ1876 ጀምሮ ሙከራ የሚካሄድበት። አንዱ ክፍል በየዓመቱ በቆሎ ብቻ ይዘራበታል፣ ሌላው እየተፈራረቀ፣ ማዳበሪያ ያለው የሌለው እያሉ። ያለ ማዳበሪያ በቆሎ በበቆሎ ላይ የተዘራበት አፈር እንዴት እየደኸየ እንደሄደ፣ ማፈራረቅ ምን እንደሚያደርግ፣ በሰው ዕድሜ ሊታይ የማይችለውን እዛ ታየዋለህ። ታዲያ በ1960ዎቹ አጠገቡ ላይብረሪ ሊሰሩ ፈለጉ። ህንፃው ማሳው ላይ ጥላ ይጥላል ተባለ። ምን አደረጉ? ላይብረሪውን መሬት ውስጥ ቀበሩት! በ1969 ተከፈተ፣ ከመሬት በታች። ለበቆሎ ብለው። እኔ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለዘላቂነት ቁም ነገር አለው ወይ ስባል የምጠይቀው ስንት ችግኝ ተከለ ብዬ አይደለም፣ ለአንድ የቆየ ልኬት ሲል ህንፃ ያንቀሳቅሳል ወይ ብዬ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። በ1974 ሮውላንድና ሞሊና፣ ካሊፎርኒያ ኧርቫይን የነበሩ፣ ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ የነበረው ሲኤፍሲ ጋዝ ኦዞንን እንደሚበላ ጻፉ። ሞሊና ያኔ ድህረ ዶክትሬት ላይ የነበረ ልጅ ነው፣ ከቀረቡለት ርዕሶች መርጦ የያዘው ነው። አምራቾቹ ለዓመታት ተከራከሯቸው። በ1985 እንግሊዞች አንታርክቲካ ላይ የኦዞኑን ቀዳዳ አገኙ፣ በ1987 ጋዙን የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት መጣ፣ በ1995 ከሌላው የኦዞን ተመራማሪ ክሩትዘን ጋር ኖቤል ወሰዱ። ከፔፐር ወደ ስምምነት 13 ዓመት። ይሄ ፈጣን የሚባለው ነው እንግዲህ።

ሦስት_ነጥብ

ጋሼ ጡረተኛው በአክብሮት፣ እርስዎ የጠሯቸው ሦስቱም ሀብታም አገር ያሉ ሀብታም ተቋማት ናቸው፣ ደግሞም ከመቶ ሺህ ፔፐር የተረፉትን መርጠው ነው። ዛሬ አንድ ወጣት መምህር "በየቀኑ የአንድ ወንዝ ውሃ ልለካ ነው ለ20 ዓመት" ብሎ ፕሮሞሽን ያገኛል ወይ? በዓመት ስንት ፔፐር አወጣህ ነው የሚባለው። ጠመኔን ኪሊንግ ሁን ብለው ከሥራ እንዳያስባርሩት 😅

ጡረተኛው

ይሄን ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። እኔም ፕሮሞሽን ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ ስቆጥር ነበር፣ አንድ ሁለት ሦስት እያልኩ፣ ዛሬ አፍራለሁ። ግን ውሃ መለካት ሀብት አይጠይቅም፣ የመለኪያ ምልክት ያለበት ዘንግና ደብተር ነው የሚፈልገው። አንድ መምህር 20 ዓመት መለካት አይችልም፣ ኮርስ ግን ይችላል። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ ይመጣል፣ ደብተሩ ይቀጥላል። መምህሩ ቢቀየርም።

የጋራ_ግጦሽ

የዚህ ውይይት ሰዎች ሁሉ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ናችሁ መሰለኝ፣ ቆጣሪ ፍሪዘር ጋዝ። ሶሺዮሎጂ ነኝ፣ ልግባበት።

ጠመኔ አንተ ሲቪል ስለሆንክ ይሄ ለአንተ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ነበረች፣ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያ ሴት ናት። ከሷ በፊት ብዙ ሰው የሚያምነው የጋራ የሆነ ነገር፣ ግጦሽም ደንም ውሃም፣ ወይ መንግስት ካልያዘው ወይ ተሸንሽኖ ለግል ካልተሰጠ ማለቁ አይቀርም የሚል ነበር። እሷና ባልደረቦቿ ሌሎች ተመራማሪዎች ቦታው ሄደው የመዘገቡትን ሰብስበው አዩ፣ የስዊዘርላንድ ተራራ ግጦሽ፣ የጃፓን የመንደር ደን፣ የስፔን መስኖ፣ ሰዎች ራሳቸው ህግ አውጥተው ለብዙ መቶ ዓመት ሲጠብቁት የኖሩ። ኔፓል ላይ ደግሞ መስኖዎችን አወዳደሩ፣ በኢንጂነር ተነድፈው በኮንክሪት የተሰሩትንና ገበሬው ራሱ በድንጋይና በጭቃ የሰራቸውን። የገበሬዎቹ በአብዛኛው የተሻለ ውሃ ያደርሱ ነበር፣ በተለይ ከቦይ ጫፍ ላሉት። ለምን፣ ቦዩን በየዓመቱ የሚጠግነው ራሱ ተጠቃሚው ስለሆነ፣ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ለጥገና ይፈልገዋል፣ ስለዚህ ውሃ ይለቅለታል። ኮንክሪቱ ሲመጣ ጥገና ቀነሰ፣ ከላይ ያለው ከታች ያለውን አልፈለገውም፣ ውሃውም ቀረ።

ይሄ ታሪክ ስላይድህ ላይ ያሉት ሦስት ክቦች ለምን እንደተጠላለፉ ያስረዳል፣ ክቦቹ ራሳቸው ግን አያስረዱም። ለብቻው ኮርስ ይሁን ወይስ ይበተን ላልከው ደግሞ የኔ መልስ እዚህ ጋ ነው፣ መስኖ ዲዛይን የምታስተምረው ኮርስ ውስጥ ይግባ፣ የቦዩን ስሎፕ በምታሰላበት ሰዓት፣ ማን ይጠግነዋል የሚል አንድ ጥያቄ ፈተና ላይ ጨምር። ለብቻው ሲሆን ተማሪ ሌላ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

አራተኛ_ዓመት_ነኝ

ሰላም ተማሪ ነኝ እዚህ የምገባው ለማንበብ ነው ግን ይሄን ኮርስ የተማርኩ ስለሆነ ልናገር። የጋራ_ግጦሽ ከእርስዎ ጋር ትንሽ አልስማማም። ይበተን ሲባል ማንም አያስተምረውም፣ ሁሉም መምህር ሌላው ነክቶታል ብሎ ያልፈዋል፣ እኛ ጋ እንደዛ ነው የሆነው። በ2022 ባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ህንፃ ይዘው ሰባት ቀን ተቀምጠው ካስገደዷቸው ነገሮች አንዱ ስለ አየር ንብረት ቀውስ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ የሆነ ኮርስ ይኑር የሚል ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ከ2024 ጀምሮ ብሎ ተስማማ። ጀርመን ሊዩነቡርግ ያለው ሎይፋና ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ሁሉም ተማሪ፣ ቢዝነስም ይሁን ሥነ ጥበብ፣ አንድ ላይ የሚማሩት አለ። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋል ባይ ነኝ፣ አንድ ላይ የሚገናኙበትም በየትምህርቱ ውስጥም።

የኛ ኮርስ እንደውም ስላይድ ነበር እስከ አምስተኛ ሳምንት። ከዛ መምህሯ ታመመችና ሌላ ሰው ተተካ፣ እሱ ምንም ስላልተዘጋጀ ይመስለኛል (እየሳቅኩ ነው የምለው) "በቃ ሂዱ ዶርሙ ውሃ ስንት እንደሚያፈስ እወቁ" ብሎ ለቀቀን። እንዴት እንደምናውቅ አልነገረንም። ሦስት ቀን ቧንቧ ስር ባልዲ ይዘን ስንዞር ሰው እብድ ናቸው አለን። ከዛ አንዱ ልጅ ለምን ሌሊት ቆጣሪውን አናነብም አለ፣ ሰው ሲተኛ ውሃ የሚጠቀም የለም፣ ከሌሊት 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ቆጣሪው ከዞረ ማፍሰስ ነው ማለት ነው። ሁለት ሁለት ሆነን በፈረቃ አነበብን፣ ለስድስት ሌሊት። ይዞራል። ሁሌም፣ እኩል በእኩል፣ ማንም ሳይነካው። በቀን ሲባዛ ትልቅ ቁጥር መጣ፣ መጀመሪያ ስሌታችን ተሳስቷል ብለን አላመንንም። ብዙው የሽንት ቤት ፍላሽ ታንክ ነበር፣ ድምፅ የሌለው፣ ቀለም ጠብ አድርገህ ሳትለቅቀው ሳህኑ ላይ ቀለሙ ከታየ ያፈሳል። ውስጡ ያለችው ጎማ ናት፣ ትንሽዬ ነገር።

ሪፖርት ጽፈን ለጥገና ክፍል ሰጠን። አራት ወር ምንም። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ሁለተኛ ሪፖርት ስንወስድ ግን አንድ ሽማግሌ ቧንቧ ሰራተኛ ጎማውን የመግዣ ፎርም ላይ ያለው የክፍል ቁጥር ከነበረው ታንክ ጋር እንደማይገጥም ነገረን፣ ለዓመታት የማይገጥም ጎማ ነበር የሚገዙት። ከዛ በኋላ ያለው ፎርም የማስተካከል ነገር ነው አሰልቺ ነው ግን ተስተካከለ። እዛ ኮርስ ላይ የተማርኩት ከሁሉም ኮርስ ይበልጣል፣ ውጤቴ ሲ ፕላስ ቢሆንም።

ፍሪዘር_ጠባቂ

የማይገጥም ጎማ 😭 ይሄ እኮ ነው፣ የትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አታገኘውም። ሲ ፕላሱን ግን ማነው የሰጠህ?

አራተኛ_ዓመት_ነኝ

የመጀመሪያዋ መምህር ተሽሏት ተመለሰች፣ ፋይናሉን ከስላይዱ አወጣችው። 17ቱን በቅደም ተከተል ጻፉ የሚል ነበረው።

ማሽላ_አብቃይ

እኔ ደግሞ ከግብርና በኩል አንድ ነገር ልጨምር፣ "ሪሰርች ለፔፐር ነው ወይ" ለሚለው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታን አብዛኞቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፣ ፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት። ሰው የሚያወራው ሽልማቱን ነው፣ እኔን የሚገርመኝ መንገዱ ነው። ድርቅ የሚችለውን ዲቃላ ማሽላ በ1983 ሱዳን ላይ ሲለቁት ዘሩ ብቻ በቂ አልነበረም፣ ዲቃላ ስለሆነ ገበሬው ካጨደው መልሶ ቢዘራ አይሆንለትም፣ በየዓመቱ የሚያባዛ ሰው ይፈልጋል፣ ስለዚህ የዘር ማባዛት ሥራው አብሮ መደራጀት ነበረበት። ከዛ ደግሞ አቀንጭራ መጣ፣ የማሽላውን ሥር የሚመጠው አረም። እሱን ለመቋቋም መጀመሪያ አቀንጭራው ማሽላውን እንዴት እንደሚያገኘው ማወቅ ነበረባቸው፣ የማሽላው ሥር የሚለቀው ኬሚካል ነው ዘሩን የሚቀሰቅሰው። ኬሚካሉን በትንሹ የሚለቅ ማሽላ መረጡ። ላብ ውስጥ ያለ ኬሚስትሪ ነው ማሳ ላይ የወረደው።

አሜሪካኖቹ ይሄን ሰንሰለት በህግ ነው የሰሩት፣ በ1862 ለዩኒቨርሲቲ መሬት ሰጡ፣ በ1887 የምርምር ጣቢያ ጨመሩ፣ በ1914 ኤክስቴንሽን። ማስተማር፣ መመራመር፣ ማድረስ፣ ለሦስቱም በጀት ለብቻ። ብዙ ቦታ የሚጎድለው ሦስተኛው ነው። ፔፐሩ ሼልፍ ላይ የሚቀረው ተመራማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ከሱ ቀጥሎ የሚረከብ ሰው ደመወዝ ስላልተመደበለት ነው።

ሦስት_ነጥብ

እሺ ይሄን ልቀበል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ጎማውንም ፍሪዘሩንም አስተካከልን እንበል፣ ዩኒቨርሲቲ ከዓለም ልቀት ስንት እጁ ነው? ኢምንት ነው እኮ። ካምፓስ ማጽዳት ዓለምን አያጸዳም።

ጡረተኛው

ካምፓሱ ኢምንት ነው፣ ከካምፓሱ የሚወጣው ሰው ግን አይደለም። አውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ግሪን የሚባል መምህር ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሶላር ሴል ላይ ሲሰራ ኖረ፣ ፐርክ የሚባለው ሴል ከነሱ ላብ ነው የወጣው፣ ለዓመታት የተሸጠው ፓነል አብዛኛው ያ ነበር። ግን ይበልጥ የሚገርመው ተማሪዎቹ ናቸው። ሺ ዠንግሮንግ የሚባለው ዶክትሬቱን እዛ ሰርቶ በ2001 ቻይና ሄዶ ሰንቴክ የሚባል የሶላር ካምፓኒ አቋቋመ፣ ሌሎችም ከዛው ላብ ወጥተው የቻይናን ፋብሪካዎች ሞሉ። የሶላር ዋጋ የወረደበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው፣ ላቡ ራሱ ስንት አምፖል እንዳጠፋ ማን ይቆጥራል። ያ ማለት ግን አምፖሉ አይጥፋ ማለት አይደለም፣ ፍሪዘር_ጠባቂ ትቆጣኛለች።

ፍሪዘር_ጠባቂ

በደንብ እንጂ ጋሼ።

ጠመኔ_በእጁ

ሰዎች ሁለት ቀን አንብቤ አሰብኩበት። እንዲህ አድርጌ ሲላበሱን ልጽፍ ነው፣ ስህተት ካለው አሁኑኑ ንገሩኝ። ትርጉሙና 17ቱ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ከዛ በላይ የለም። ከዛ ክፍሉን በሦስት እከፍለዋለሁ፣ ኤሌክትሪክ፣ የሌሊት ውሃ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከግቢው ጀርባ የሚያልፈው ቦይ፣ ዘንግ ተክለን በየሳምንቱ ከፍታውን እንጽፋለን፣ ደብተሩ የሚቀጥለው ዓመት ልጆች ይረከቡታል። ፋይናል ፈተና የለም፣ በምትኩ እያንዳንዱ ቡድን ያገኘውን ለጥገና ክፍል ወይ ለሂሳብ ክፍል ፊት ለፊት ያቀርባል፣ የእነሱም አስተያየት ከ20 በመቶ ይያዛል። የመስኖ ኮርስ የሚያስተምረውን ጓደኛዬንም አናግሬዋለሁ፣ "ማን ይጠግነዋል" የሚለውን ጥያቄ እጨምራለሁ ብሏል፣ ትንሽ ስቆብኝ።

ዲኑ ሲላበሱን ሲያይ ሳጥኖቹ የት አሉ ቢለኝ ሽፋኑ ላይ አደርግለታለሁ።

ዛሬ ምድር ቤት ወርጄ ሳጥኑን አየሁት፣ ቆጣሪ ነው፣ ይሰራል። ግን ቁጥሩ በጣም ትንሽ ነው የሚጨምረው፣ ከትናንት ማታ እስከ ዛሬ ጠዋት 9 ብቻ። ሰባት ፎቅ ህንፃ 9 ኪሎዋት ሰዓት ሊሆን አይችልም። ተበላሽቶ ነው?

ፍሪዘር_ጠባቂ

አልተበላሸም። ትልቅ ህንፃ ላይ መስመሩ በቀጥታ ቆጣሪው ውስጥ አያልፍም፣ ሲቲ የሚባል ትራንስፎርመር አለ ከረንቱን አሳንሶ ነው ለቆጣሪው የሚሰጠው። ሲቲው ላይ ወይ ሳጥኑ በር ላይ 200/5 ወይ 400/5 የመሰለ ነገር ተጽፎ ታገኛለህ። 200/5 ከሆነ በ40 ታባዛለህ፣ 9 ያልከው 360 ይሆናል ማለት ነው፣ አንዳንዱ ቆጣሪ ግን ተባዝቶ የሚያሳይ ስለሆነ መጀመሪያ የህንፃውን ኤሌክትሪሽያን ጠይቅ። ሳጥኑን ራስህ እንዳትከፍተው፣ ተማሪም እንዳይነካው፣ በመስታወቱ ብቻ ነው የሚነበበው። እና ዛሬ ያነበብከውን ሰዓቱን ጨምረህ ጻፈው።

ጠመኔ_በእጁ

400/5 ይላል። ማታ 2:10 ላይ እና ጠዋት 1:45 ላይ ነው ያነበብኩት። 720 ማለት ነው፣ ማንም በሌለበት።